ኦቲዝም ላለባቸው ሕፃናት የሚሰጥ የባህርይ ቴራፒ ድጋፋዊ ክትትል፦ ለመንዝ፣ ለግሼና ለመርሐቤቴ አካባቢዎች

መግቢያ

ኦቲዝም የአንጎልን ዕድገት የሚመለከት፣ ከሕፃንነት የመጀመሪያ ዓመታት ጀምሮ የሚታይና ዕድሜ ልክ አብሮ የሚኖር ሁኔታ ነው። ኦቲዝም ያለበት ልጅ በንግግርም ሆነ በምልክት ከሰው ጋር መግባባትና ከእኩዮቹ ጋር መጫወት ሊያስቸግረው ይችላል። አንድን ድርጊት ደጋግሞ መፈጸም፣ የለመደው ሥርዓት ሲለወጥ መረበሽ፣ ለድምፅ፣ ለብርሃን ወይም ለልብስ ሸካራነት ከተለመደው በላይ ወይም በታች ምላሽ መስጠትም ይታይበታል። የሁኔታው ክብደት ከልጅ ልጅ ይለያያል። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም ነበረው። ኦቲዝም በእርግማን፣ በወላጅ ኃጢአት፣ በአስተዳደግ ጉድለት ወይም በክትባት የሚመጣ አይደለም።

ኦቲዝምን የሚያድን መድኃኒት የለም። ይሁን እንጂ ልጁ ፍላጎቱን እንዲገልጽ፣ ራሱን እንዲንከባከብ፣ ከአደጋ እንዲጠበቅና ከቤተሰቡ ጋር ተግባብቶ እንዲኖር የሚረዱ የባህርይና የክህሎት ሥልጠናዎች አሉ። እነዚህ ሥልጠናዎች በአግባቡ ሲሰጡ ይጠቅማሉ፤ ያለ በቂ ሥልጠናና ያለ ክትትል ሲሰጡ ግን ልጁን ሊጎዱ፣ የቤተሰቡንም ጊዜና ገንዘብ ያለ ፍሬ ሊያባክኑ ይችላሉ። ይህ ጽሑፍ የባህርይ ቴራፒ ድጋፋዊ ክትትል (ሱፐርቪዥን) ምን እንደሆነ፣ በማን እንደሚከናወንና በሰሜን ሸዋ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ አካባቢዎች ሲተገበር ምን ሊታሰብበት እንደሚገባ ያብራራል። የተዘጋጀው ለጤና ባለሙያዎች፣ ለልዩ ፍላጎት መምህራን፣ ለወረዳ ኃላፊዎችና ለወላጆች ነው።

የባህርይ ቴራፒ ምንነት

የባህርይ ቴራፒ መነሻ ሐሳብ ቀላል ነው። ማንኛውም ባህርይ ከፊቱ የሚቀድም ሁኔታና ከኋላው የሚከተል ውጤት አለው። ውጤቱ ልጁን የሚያስደስት ወይም ከማይፈልገው ነገር የሚያሳርፍ ከሆነ ባህርይው ይደገማል። ስለሆነም ቴራፒ ሰጪው ሦስቱን ማለትም ቀዳሚውን ሁኔታ፣ ባህርይውንና ውጤቱን ይመዘግባል፤ ከዚያም ጠቃሚው ባህርይ እንዲበረታና ጎጂው በሌላ እንዲተካ ሁኔታዎችን ያመቻቻል። እንደ እጅ መታጠብ ያለ ሥራ በትንንሽ እርምጃዎች ተከፋፍሎ አንድ በአንድ ይሰጣል፤ መጀመሪያ ላይ የሚደረገው እገዛም ልጁ በራሱ እየቻለ ሲሄድ ቀስ በቀስ ይቀነሳል።

ተግባራዊ የባህርይ ትንተና በመባል የሚታወቀው ዘርፍ በስፋት የታወቀው በአሜሪካ ነው። ኢቫር ሎቫስ እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተሙት ጥናት 19 ሕፃናት በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ ሥልጠና አግኝተው ነበር። በዘርፉ የመጀመሪያ ዘመን ቅጣትን እንደ ማስተማሪያ መጠቀም የተለመደ ሲሆን፣ ይህ አሠራር በኋላ ኦቲዝም ካላቸው ሰዎች ከራሳቸው ጭምር ብርቱ ትችት ቀርቦበታል። ዛሬ ተቀባይነት ያላቸው አሠራሮች በማበረታታት፣ በጨዋታና በዕለታዊ ኑሮ ላይ የተመሠረቱ ናቸው። ዓላማውም ልጁ ኦቲዝም የሌለበት መስሎ እንዲታይ ማድረግ ሳይሆን የሚጠቅመውን ክህሎት ማስጨበጥ ነው።

ድጋፋዊ ክትትል ለምን ያስፈልጋል?

የባህርይ ቴራፒ እንደ ክኒን መጠኑ ተለክቶ የሚሰጥ ነገር አይደለም። ጥራቱ ያለው በቴራፒ ሰጪው እጅ፣ ድምፅና ትዕግሥት ላይ ነው። በሥልጠና አዳራሽ በደንብ የተማረ ባለሙያም ቢሆን ከጥቂት ወራት በኋላ ሳይታወቀው ከተማረው ይርቃል፤ እገዛውን መቀነስ ይረሳል፣ ማበረታቻውን ያዘገያል፣ ሲደክመው ይቆጣል። ልጁ ደግሞ መናገር የማይችል ከሆነ የተሳሳተ አያያዝ ቢደርስበት ለማንም አይናገርም። ስለዚህ ሌላ የሠለጠነ ዓይን ያስፈልጋል።

በዓለም አቀፍ ደረጃ የባህርይ ተንታኞችን የምስክር ወረቀት የሚሰጠው ቦርድ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1998 በአሜሪካ ነው። ይህ ቦርድ አንድ የባህርይ ቴክኒሻን የ40 ሰዓት ሥልጠና እንዲወስድ፣ በየወሩ ከሚሰጠው አገልግሎት ሰዓት ቢያንስ 5 በመቶው በሱፐርቫይዘር እንዲታገዝና በወሩ ውስጥ ከሱፐርቫይዘሩ ጋር ቢያንስ ሁለት ጊዜ ፊት ለፊት እንዲገናኝ ይጠይቃል። በወር 40 ሰዓት ለሚሠራ ቴራፒ ሰጪ ይህ ሁለት ሰዓት ማለት ነው። ሆኖም ቦርዱ እ.ኤ.አ. ከ2023 መጀመሪያ አንሥቶ ከጥቂት አገሮች ውጭ የሚኖሩ አዲስ አመልካቾችን መቀበል አቁሟል። በመሆኑም እንደ ኢትዮጵያ ያሉ አገሮች የምስክር ወረቀቱን መጠበቅ አያዋጣቸውም፤ ከመመዘኛው መንፈስ ተምረው በራሳቸው የጤናና የትምህርት መዋቅር ላይ የቆመ የክትትል ሥርዓት መገንባት ይኖርባቸዋል።

በኢትዮጵያ የተገኘ ልምድ

በአገራችን ለኦቲዝም የተለየ አገልግሎት በስፋት መታወቅ የጀመረው ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ በመሠረቱት የኒያ ፋውንዴሽን ጆይ የኦቲዝም ማዕከል ነው። ወይዘሮ ዘሚ ራሳቸው ኦቲዝም ያለው ልጅ እናት የነበሩ ሲሆን፣ የአማርኛን ፊደልና ድምፅ መሠረት ያደረገ አቡጊዳ ፎነቲክስ የተባለ የማስተማሪያ ዘዴም አዘጋጅተዋል። ከዚያ በኋላ ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልን የመሳሰሉ ተቋማት በዚያው በአዲስ አበባ ተከፍተዋል። እነዚህ ማዕከላት ብዙ ቤተሰቦችን ከጨለማ አውጥተዋል። ይሁንና አገልግሎቱ በዋና ከተማዋ የተሰባሰበ በመሆኑ ለገጠሩ ሕዝብ በቀላሉ የሚደርስ አልሆነም።

ለገጠሩ የሚሆን መንገድ የከፈተው የዓለም ጤና ድርጅት የተንከባካቢዎች የክህሎት ሥልጠና ነው። ሥልጠናው የዕድገት መዘግየት ወይም እክል ላለባቸው ከ2 እስከ 9 ዓመት ለሆኑ ሕፃናት ተንከባካቢዎች የሚሰጥ ሲሆን ዘጠኝ የቡድን ክፍለ ጊዜዎችና ሦስት የቤት ጉብኝቶች አሉት። ልጅን በጨዋታና በዕለታዊ ሥራ ማሳተፍን፣ መግባባትን ማዳበርን፣ አስቸጋሪ ባህርይን መከላከልንና መተካትን፣ ክህሎትን በትንንሽ እርምጃ ማስተማርን እንዲሁም የተንከባካቢውን የራሱን ደኅንነት ይሸፍናል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከለንደኑ ኪንግስ ኮሌጅ ጋር በመተባበር ሥልጠናውን ለኢትዮጵያ ባህልና ኑሮ አስማምቶ በአዲስ አበባና በገጠር ሞክሮታል። ሥልጠናው ስፔሻሊስት ባልሆኑ ባለሙያዎች እንዲሰጥ የታቀደ በመሆኑ ስኬቱ በክትትል ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ ልምድ ያላቸው ዋና አሠልጣኞች አመቻቾችን ያሠለጥናሉ፣ ሲሠሩ ይመለከታሉ፣ ግብረ መልስም ይሰጣሉ። አመቻቾቹ ራሳቸውም ወላጆችን ከማሠልጠናቸው በፊት ዘዴውን ከአንድ ልጅ ጋር በተግባር ይለማመዱታል።

ሌላው ጠቃሚ መሠረት እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ነው። ስለ ሕፃናት የአእምሮ ጤናና የዕድገት እክል የሠለጠኑ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ካልሠለጠኑት ይልቅ ስለ ኦቲዝም ያላቸው የተሳሳተ እምነት ያነሰ መሆኑ በጥናት ታይቷል። ይህም አንድን ሕፃን በጊዜ ለይቶ ወደ አገልግሎት ለማገናኘት ትልቅ ዕድል ይፈጥራል።

የክትትሉ እርከኖች

መሐል ሜዳ ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃን በኩል ወደ 280 ኪሎ ሜትር፣ ዓለም ከተማ ደግሞ ወደ 180 ኪሎ ሜትር ይርቃሉ። ከራቤል፣ ከሞላሌ፣ ከዘመሮ ወይም ከጀማ ዳርቻ ቀበሌዎች የሚነሣ ቤተሰብ በየሳምንቱ ወደ አዲስ አበባ ሊመላለስ አይችልም። ስለዚህ ክትትሉ ባለው መዋቅር ላይ ቢደራጅ ይመረጣል።

የመጀመሪያው እርከን ቤተሰቡ ነው። በቀን ውስጥ ከልጁ ጋር ረጅሙን ሰዓት የሚያሳልፉት እናት፣ አባት፣ አያት ወይም ታላቅ እኅት ናቸው።

ሁለተኛው እርከን ቴራፒ ሰጪው ነው፤ ይህም የሠለጠነ ነርስ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ወይም የልዩ ፍላጎት መምህር ሊሆን ይችላል። በአገሪቱ የመጀመሪያ ደረጃ የጤና ክብካቤ አደረጃጀት አንድ ጤና ጣቢያ ለአምስት ያህል ጤና ኬላዎች ድጋፍ የሚሰጥ በመሆኑ የቴራፒ ሰጪዎች ወርኃዊ ስብሰባ በጤና ጣቢያው ቢካሄድ ተጨማሪ ወጪ አይጠይቅም።

ሦስተኛው እርከን ሱፐርቫይዘሩ ነው። በሥነ አእምሮ ሕክምና፣ በሳይኮሎጂ ወይም በልዩ ፍላጎት ትምህርት የሠለጠነና ራሱ ሕፃናትን በተግባር የረዳ ሰው መሆን ይኖርበታል። በመሐል ሜዳና በዓለም ከተማ የሚገኙት ሆስፒታሎች ለዚህ አመቺ መቀመጫ ሊሆኑ ይችላሉ።

አራተኛው እርከን የስፔሻሊስት ድጋፍ ነው። ከደብረ ብርሃን ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልና ከአዲስ አበባ ተቋማት በስልክ ወይም በጉብኝት የሚገኝ ሲሆን ሱፐርቫይዘሩ ራሱ የሚታገዝበት እርከን ነው። ሱፐርቫይዘር ያለ ተቆጣጣሪ ብቻውን ከቀረ የእርሱ ስሕተት ወደ ቴራፒ ሰጪዎች ሁሉ ይዛመታል።

አንድ የክትትል ጉብኝት ምን ይዟል?

ድጋፋዊ ክትትል ስሕተት ፈልጎ ለመቅጣት የሚደረግ ቁጥጥር አይደለም፤ ፊርማ ለማሟላት የሚደረግ ጉብኝትም አይደለም። አንድ የተሟላ ጉብኝት የሚከተሉትን ይይዛል።

1. ዝግጅት። ሱፐርቫይዘሩ የልጁን ዕቅድ፣ ያለፈውን ጉብኝት ማስታወሻና የተመዘገበውን መረጃ አስቀድሞ ያነባል።

2. ምልከታ። ቴራፒ ሰጪው ከልጁ ጋር ሲሠራ ሱፐርቫይዘሩ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ ሳያቋርጥ ይመለከታል። ልጁ ደስ ብሎታል? እገዛው በዝቷል ወይስ አንሷል? ማበረታቻው ወዲያው ተሰጥቷል? ልጁ እንቢታውን ሲገልጽ ተሰምቷል?

3. መረጃን ማመሳከር። ሱፐርቫይዘሩና ቴራፒ ሰጪው አንድን ክፍለ ጊዜ በየፊናቸው ይመዘግባሉ። ከ20 ሙከራዎች በ16ቱ ላይ ተመሳሳይ ውጤት ከመዘገቡ ስምምነታቸው 80 በመቶ ነው፤ ይህም በዘርፉ እንደ ዝቅተኛ ተቀባይነት ያለው ልክ ይወሰዳል። ከዚህ ካነሰ የሚመዘገበው ባህርይ በግልጽ አልተተረጎመም ማለት ነው። «ይረብሻል» የሚል ቃል ለሁለት ሰዎች ሁለት ነገር ነው፤ «በእጁ ጭንቅላቱን ይመታል» የሚለው ግን አንድ ነው።

4. ግብረ መልስ። በመጀመሪያ በደንብ የተሠራው በስሙ ተጠርቶ ይመሰገናል፤ ቀጥሎ መሻሻል ያለበት አንድ ወይም ሁለት ነገር ይነገራል። ሱፐርቫይዘሩ ራሱ ሠርቶ ያሳያል፤ ቴራፒ ሰጪውም ደግሞ ይሞክረዋል። እርማት በወላጅ ፊት መሰጠት የለበትም፤ ቤተሰቡ በባለሙያው ላይ ያለውን እምነት ያሳጣልና።

5. ከቤተሰብ ጋር መወያየት። በአካባቢው ይሉኝታና እንግዳ አክባሪነት የጸኑ በመሆናቸው ወላጅ ያልገባውንም «እሺ፣ ገብቶኛል» ሊል ይችላል። ስለዚህ ሱፐርቫይዘሩ «ገብቶዎታል?» ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ «እስቲ ከልጅዎ ጋር እንዴት እንደሚያደርጉት ያሳዩኝ» ማለት ይገባዋል።

6. ስምምነት። እስከሚቀጥለው ጉብኝት የሚሠራው በጽሑፍ ሰፍሮ አንዱ ቅጂ በቤተሰቡ እጅ ይቀራል። ወላጅ ማንበብ የማይችል ከሆነ በሥዕል ይቀመጥለታል፤ ወይም ማንበብ የሚችል ልጅ እንዲያነብለት ይደረጋል።

ክትትል በተግባር፦ ማስረጃ ምሳሌ

አንድ የማይናገር የስድስት ዓመት ልጅ በቀን ብዙ ጊዜ ይጮኻል እንበል። ቴራፒ ሰጪው ጩኸቱን ችላ እንዲሉ ለቤተሰቡ መክሯል፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን ጩኸቱ ብሷል። ሱፐርቫይዘሩ መዝገቡን ሲመለከት በአምስት ቀን ውስጥ ከተጻፉት 20 ጩኸቶች 14ቱ የተነሡት ልጁ ከፍ ብሎ የተሰቀለውን የዳቦ ሌማት ባየ ጊዜ ነው። ቤቱን ሲጎበኝ ደግሞ አያቱ ልባቸው አላስችል ብሎ ጩኸቱ ሲበረታ ዳቦ እንደሚሰጡት ያያል።

ከዚህ ሁለት ነገር ይገለጣል። አንደኛ፣ ልጁ መጮኽ ዳቦ እንደሚያስገኝ፣ ይልቁንም አብዝቶ መጮኽ እንደሚያስገኝ ተምሯል። ሁለተኛ፣ ቴራፒ ሰጪው ጩኸቱን ለማጥፋት እንጂ ሌላ የመጠየቂያ መንገድ ለማስተማር አላቀደም። ሱፐርቫይዘሩ አያቲቱን አይወቅስም፤ ልጁ እጁን ዘርግቶ ወይም የዳቦ ሥዕል አሳይቶ ሲጠይቅ ወዲያውኑ እንዲሰጡት ያሳያቸዋል። የአያቲቱ ርኅራኄ በዚህ መንገድ የሥልጠናው አጋዥ ይሆናል። በሚቀጥሉት ሳምንታት የሚቆጠረው ጩኸቱ ብቻ ሳይሆን ልጁ በራሱ የጠየቀባቸው ጊዜያት ቁጥር ጭምር ነው።

ቀሪዎቹ ስድስት ጩኸቶችም ሊዘነጉ አይገባም። የጆሮ ሕመም፣ የጥርስ መበስበስ፣ የሆድ ድርቀት ወይም እንቅልፍ ማጣት ሊሆኑ ይችላሉ። የባህርይ ዕቅድ ከመውጣቱ በፊት የሕክምና ምርመራ መደረጉን ማረጋገጥ የሱፐርቫይዘሩ ግዴታ ነው።

ከአካባቢው ኑሮ ጋር ማጣጣም

ለከተማ ማዕከል የተዘጋጀ ዕቅድ እንዳለ ወደ መንዝ ቢወሰድ አይሠራም። ሱፐርቫይዘሩ የሚከተሉትን ማጤን ይኖርበታል።

ደኅንነት ከሁሉ ይቀድማል። የመንዝና የግሼ አምባዎች፣ የመርሐቤቴም አፋፎች ወደ ጀማና ወንጭት ሸለቆዎች በገደል ይወርዳሉ። ቤት ውስጥ ደግሞ ምድጃ ይነዳል። ኦቲዝም ያላቸው አንዳንድ ሕፃናት አደጋን ሳያስተውሉ ከቤት የመውጣት ልማድ አላቸው። ስለሆነም «ቁም» ሲባል መቆምን፣ ስም ሲጠራ መዞርን ማስተማር በዕቅዱ የመጀመሪያ ተራ ላይ ይቀመጣል።

ማስተማሪያው ያለው በቤት ነው። ከውጭ የተገዛ አሻንጉሊት አያስፈልግም። ገብስ መልቀም፣ እንቁላል መሰብሰብ፣ ግልገል ማሰር፣ ጀበናና ሲኒ ማቅረብ፣ ፈትል ማቀበል ሁሉ ተራ መጠበቅንና መመሪያ መቀበልን ያስተምራሉ። ቆሎ ግን ለትንንሽ ሕፃናት ስለሚያንቅ ማበረታቻ ሆኖ እንዳይሰጥ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በጾም ወራት በቅቤ የሚሠራ ምግብ በቤት ላይገኝ ስለሚችል ማበረታቻው ከቤተሰቡ ጋር አስቀድሞ ይመረጣል።

ቅዝቃዜውና ልብሱም ይታሰብ። በደጋው ማለዳ ቀዝቃዛ ውኃን የሚሸሽ ልጅ እጅ መታጠብን ስለጠላ ላይሆን ይችላል፤ ሰዓቱን ወደ ረፋድ ማዞር ወይም ውኃውን ለብ ማድረግ ሊበቃ ይችላል። ከበግ ጠጉር የሚሠራውን ባና አልለብስም የሚል ልጅም እልከኛ ላይሆን ይችላል። ሸካራነቱ ቆዳውን እንደ እሾህ እየወጋው ይሆናልና ከሥር ለስላሳ ልብስ ማልበስ ይረዳል።

ክረምትና መንገድም በዕቅዱ ይካተቱ። በክረምት ወራት ወይም በጸጥታ ምክንያት ጉዞ ሲቋረጥ ክትትሉ በስልክ ይቀጥላል። ቴራፒ ሰጪው የሚቋረጥበትን ጊዜ ገምቶ ቀላል ዕቅድ ለቤተሰቡ አስቀድሞ ይተዋል።

ፈጽሞ የማይፈቀዱ ድርጊቶች

ሱፐርቫይዘሩ የሚከተሉትን ሲያይ ዝም ማለት አይችልም፦ መምታት፣ መቆንጠጥ፣ በበርበሬ ማጠን፣ ምግብ ወይም ውኃ መከልከል፣ በጨለማ ክፍል መዝጋት፣ ማሰርና በማስፈራራት ማስተማር። የልጁን ራስን የማረጋጊያ እንቅስቃሴ፣ ለምሳሌ ማንንም የማይጎዳ መወዛወዝን፣ በኃይል ማስቆምም ጥቅም የለውም።

ልጅን ማሰርን በተመለከተ ልዩ ማስተዋል ያስፈልጋል። ልጃቸውን የሚያስሩ ወላጆች በአብዛኛው ይህን የሚያደርጉት በጭካኔ ሳይሆን ገደልን፣ እሳትንና ወንዝን ፈርተው ነው፤ እርሻ ላይ ውለው ልጁን የሚጠብቅ ሰው ሲያጡ ነው። «ፍቱት» ብሎ መሄድ ብቻውን ልጁን ለሌላ አደጋ መዳረግ ይሆናል። ስለዚህ መፈታቱ ከአማራጭ ጋር ይታቀድ፦ የግቢ አጥር ማጥበቅ፣ ምድጃን መከለል፣ በር ላይ ቃጭል መስቀል፣ ጎረቤትና ዘመድ ተራ ገብተው እንዲጠብቁ ማስማማት፣ ልጁም በቀን የሚሠራው ነገር እንዲኖረው ማድረግ። በዚህ ረገድ ዕድርና የቀበሌ የሴቶች አደረጃጀት ብዙ ሊያግዙ ይችላሉ። ሱፐርቫይዘሩ እስኪፈታ ድረስ ጉብኝቱን ያዘወትራል፤ ልጁ ሆን ተብሎ እየተጎዳ መሆኑን ካረጋገጠ ግን ለሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤትና ለፖሊስ ያሳውቃል።

እምነትና ቴራፒ

በሰሜን ሸዋ ብዙ ቤተሰቦች ልጃቸው መናገር ሲዘገይ ቀድመው የሚሄዱት ወደ ጸበል ነው፤ በሰላ ድንጋይ አካባቢ እንደምትገኘው እንደ ጻድቃኔ ማርያም ያሉ ገዳማትም ከሩቅ የሚመጣ ሰው ያስተናግዳሉ። ቴራፒ ሰጪ ይህን መንቀፍ አይገባውም። ቤተሰቡ ጸሎቱንና ጸበሉን ሳይተው ሥልጠናውን መቀጠል ይችላል። ሱፐርቫይዘሩ የሚያረጋግጠው ሦስት ነገር ነው፦ ልጁ በኃይል እንዳይያዝ፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ እንዳያቋርጥ፣ ለረጅም ጊዜ ከቤት ሲርቅም የተጀመረው የመግባባት ሥልጠና እንዳይረሳ። ካህናትና የንስሐ አባቶች ስለ ኦቲዝም ግንዛቤ ሲያገኙ «የእናቱ ኃጢአት ነው» የሚለውን ወሬ ከማንም በላይ ሊያስቀሩ ይችላሉ።

መዝገብና ምስጢር

እያንዳንዱ ልጅ የራሱ ማኅደር ይኖረዋል። በማኅደሩ የመነሻ መረጃ፣ የሥልጠና ግቦች፣ ዕለታዊ መዝገብ፣ የክትትል ማስታወሻና የወላጅ ስምምነት ይቀመጣሉ። ለግብረ መልስ የሚቀረጽ ቪዲዮ ወላጅ በግልጽ ተረድቶ ሲፈቅድ ብቻ ይቀረጻል፤ ከሱፐርቫይዘሩ በቀር ለማንም አይላክም፤ ጥቅሙ ሲያበቃም ከስልኩ ይሰረዛል። በቴሌግራም ቡድን ወይም በፌስቡክ የልጅን ምስል መለጠፍ፣ ለዕርዳታ ማሰባሰቢያም ቢሆን፣ የልጁን ክብር ይነካል። ሰው ሁሉ በሚተዋወቅበት ቀበሌ ስም ባይጠራ እንኳ ልጁ ይታወቃል።

የወላጆች መብትና ድርሻ

ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ኮንቬንሽን እ.ኤ.አ. በ2010 አጽድቃለች። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 መንግሥት በአቅሙ ለአካል ጉዳተኞች እንክብካቤ እንዲያደርግ ይደነግጋል። በዚህ መሠረት ወላጆች የሚከተሉትን መጠየቅ ይችላሉ፦

ቴራፒ የሚሰጠው ሰው ምን ሥልጠና እንደወሰደና ማን እንደሚከታተለው ማወቅ፤

ዕቅዱን በሚገባቸው ቋንቋ መስማት፣ በግቦቹ ምርጫ መሳተፍ፤

በክፍለ ጊዜው ላይ መገኘት፤ «ወላጅ አይገባም» የሚል አገልግሎት ጥርጣሬ ሊያሳድር ይገባል፤

የልጁን መዝገብ ማየት፣ ቅሬታ ማቅረብና አገልግሎቱን ማቋረጥ፤

«ኦቲዝምን አድናለሁ» በሚል ተስፋ ገንዘብ ሲጠየቁ አለመክፈልና ለወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ማሳወቅ።

በአንጻሩ ቤተሰቡ የተስማማበትን ልምምድ በየቀኑ ለአጭር ጊዜም ቢሆን መሥራት፣ ያልተሳካውንም ሳይሸሽግ መናገር ይጠበቅበታል። ያልተሳካ ነገር በግልጽ ሲነገር ዕቅዱ ይሻሻላል።

ሱፐርቫይዘሩ ለእናቲቱም ጤና ዓይን ሊኖረው ይገባል። እንቅልፍ ማጣት፣ ተስፋ መቁረጥና ከማኅበር መገለል በተንከባካቢዎች ላይ የተለመዱ ናቸው። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከተነገረ በዕለቱ ወደ ጤና ተቋም መወሰድ አለባት።

ወደ ከፍተኛ ተቋም የሚላኩ ሁኔታዎች

የሚከተሉት ሲታዩ ልጁ ሳይዘገይ ወደ ሆስፒታል ይላካል፦ የሚጥል በሽታ ምልክት፤ ቀድሞ የነበረን ንግግር ወይም ክህሎት ማጣት፤ ለድምፅ ፈጽሞ ምላሽ አለመስጠት፤ ራስን ክፉኛ መጉዳት፤ ምግብ እንቢ ማለትና ክብደት መቀነስ። እንዲሁም በትክክል የተተገበረ ዕቅድ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ለውጥ ካላሳየ ሱፐርቫይዘሩ ጉዳዩን ለስፔሻሊስት ያቀርባል። ዕድሜው ለትምህርት የደረሰ ልጅ ደግሞ ከአካቶ ትምህርት ድጋፍ ጋር እንዲገናኝ ከወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ጋር መነጋገር ያስፈልጋል።

በተደጋጋሚ የሚነሡ ጥያቄዎች

ልጄ አልተመረመረም፤ ሥልጠናውን መጀመር እችላለሁ? አዎ። የተንከባካቢዎች የክህሎት ሥልጠና የዕድገት መዘግየት ለታየባቸው ሕፃናት ሁሉ የሚሆን ስለሆነ የመጨረሻውን ምርመራ መጠበቅ አያስፈልግም።

በሳምንት ስንት ሰዓት ያስፈልጋል? ለሁሉም የሚሆን አንድ ቁጥር የለም። በዕለታዊ ሥራ ውስጥ በየጊዜው የሚደረጉ አጫጭር ልምምዶች፣ ከቤት ርቆ በወር አንድ ጊዜ ከሚገኝ ረጅም ቴራፒ ይልቅ ሊጠቅሙ ይችላሉ።

ሱፐርቫይዘር በወረዳው ከሌለ ምን ይደረጋል? ቴራፒ ሰጪዎች በጤና ጣቢያ በየወሩ ተገናኝተው አንዱ የሌላውን ሥራ እንዲመለከት ማድረግ፣ ከዞን ወይም ከሆስፒታል ባለሙያ ጋርም በስልክ ቋሚ ቀጠሮ መያዝ ይቻላል። ያለ ምንም ክትትል ግን ለብቻ መሥራት አይመከርም።

ለበለጠ መረጃ ቤተሰቦች በቀበሌያቸው የሚገኘውን ጤና ኬላ፣ በአቅራቢያቸው የሚገኘውን ጤና ጣቢያ ወይም የወረዳቸውን ጤና ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይችላሉ። የዓለም የኦቲዝም ግንዛቤ ቀን በየዓመቱ መጋቢት 24 ቀን ይታሰባል፤ ዕለቱ ወረዳዎችና ጤና ጣቢያዎች ስለ አገልግሎቱ ለኅብረተሰቡ ለማስረዳት ሊጠቀሙበት የሚገባ አጋጣሚ ነው።